በር ላይ የቀረው ሽታ

አሶሳ የደረስኩ ዕለት ዳይሬክተራችን አቶ አምሳሉ መጀመሪያ ያሳዩኝ የማስተምርበትን ክፍል ሳይሆን የማሠልጠኛውን ታፔላ ነበር። ክልሉ አዲስ ነው፤ የታፔላው ቀለምም ገና አልደረቀም። ሠዓሊው የክልሉን ረጅም ስም በትልልቅ ፊደል ጀምሮት፣ ቦታ ሲያልቅበት የመጨረሻዎቹን ፊደላት ጥግ ላይ አጨናንቋቸዋል።

"ሥራችንም እንደዚሁ ነው፤" አሉኝ። "ጅምሩ ሰፊ ነው፤ ቦታና ሰው ግን የለንም። አንቺ ስለ ዕፅዋት ታስተምሪያለሽ፣ የቅጠል ዘይት ማንጠሪያውንም ትይዣለሽ።"

ከነቀምቴ ይዤው የመጣሁት ዲፕሎማ ስለ ዕፅዋት ብዙ ይላል። ማንጠሪያ ግን በሥዕል ብቻ ነበር የማውቀው። ይህንን ስነግራቸው እሳቸው በሥዕልም አይተው እንደማያውቁ ነግረውኝ ወደ ጓሮ ላኩኝ።

ጓሮው ውስጥ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ቀርከሃ የሆነ ዳስ አለ። ዳሱ ውስጥ ጋሽ ይመር እንጨት ይፈልጣሉ። ከወሎ በሰፈራ የመጡ፣ የማንጠሪያው እሳት አንዳጅና ጠባቂ ናቸው። ከፊታቸው ትልቅ በርሜል ቆሟል። ከክዳኑ የወጣው ቱቦ ቀዝቃዛ ውሃ በሞላ ሌላ በርሜል ውስጥ ተጠማዞ ያልፍና አፉ አንድ የመስታወት ዕቃ ላይ ያርፋል።

"አየሽ ልጄ፣" አሉኝ መጥረቢያቸውን አስቀምጠው፤ "ሰው ሁሉ አረቄ ማውጫ ነው ይላል። እኔ ስግደቴን ጨርሼ ስመጣ ሰፈርተኛው 'ይመር አረቄ ቤት ሊከፍት ነው' ይለኛል። አንቺ ደግሞ ጴንጤ ነሽ አሉኝ። እንግዲህ እኔና አንቺ እዚህ ተቀምጠን ማን ሊያምነን ነው?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሚጠይቀን ሁሉ አሠራሩን ማስረዳት የእኔ ሥራ ሆነ። ለማያውቀው ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ከበርሜሉ ግርጌ ውሃ ይፈላል። ቅጠሉ ከውሃው በላይ በወንፊት ላይ ይቀመጣል። እንፋሎቱ በቅጠሉ መሃል ሲያልፍ ሽታ ሰጪውን ዘይት ይዞት ይወጣል። በቀዝቃዛው ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ እንፋሎቱ ውሃ ይሆናል፤ ዘይቱ ደግሞ ከውሃው ላይ ይንሳፈፋል። የተንሳፈፈውን ቀድተን በጠቆረ ጠርሙስ እናስቀምጣለን። ከአንድ በርሜል ሙሉ ቅጠል የሚገኘው ዘይት ከአንድ ስኒ ያነሰ ነው። ስለዚህ ጥቂት ዘይት ብትጠፋም የምትጠፋው ብዙ ቅጠል ናት።

የምናነጥረው በብዛት በሶብላ፣ በጥቂቱ ጠጅ ሣር ነበር። ከወንዙ ዳር ያለውን መሬት ማሠልጠኛው እየቆራረሰ ለሴቶች ማኅበራት ያውሳል። ውሰቱ በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ይታደሳል፤ ጥሩ ያላመረተ ማኅበር መሬቱን ለሌላ ይለቃል።

ከማኅበራቱ አንዱን የሚመሩት ወይዘሮ ሲትና ነበሩ። መንደራቸው በሆሞሻ መንገድ ላይ ነው። በቤታቸው የሚናገሩት በርታኛ ነው፤ በሶብላን እንደ አባቶቻቸው ረይሃን ይሉታል፤ ማንጠሪያውን ደግሞ መኪና። በአማርኛቸው ውስጥ አንቺ የሚባል ነገር ስለሌለ እኔም፣ አቶ አምሳሉም፣ በርሜሉም አንተ ነበርን። የእሳቸው ማኅበር ቁራጭ ከሁሉም ዝቅ ብሎ ውሃው ዳር ስለሆነ ቶሎ ይለመልማል። ትሉም ቀድሞ የሚያየው እሱን ነው።

ከአዲስ አበባ የሚመጡት ገዢያችን አቶ ተካ ሳሙና ሠሪ ናቸው። በዚያ ዓመት መጀመሪያ መጥተው ጠርሙሱን አሽትተው ሽታው ንጹሕ መሆን እንዳለበት፣ ዓመቱን ሙሉም አንድ ዓይነት እንዲሆን እንደሚፈልጉ ለአቶ አምሳሉ ነገሯቸው። አቶ አምሳሉ ንጹሕ የሚለውን ቃል ይዘው አሰቡበት። በማግስቱ ከማሠልጠኛው በር አጠገብ ረጅም ጠረጴዛ አስቆሙ፤ ቀዳዳ ያለው ቅጠል ከዚያ እንዳያልፍም አዘዙ።

ትእዛዙ ክፉ አልነበረም። ገበያ ላይ የተበላ ጎመን ማን ይገዛል? እኔም ያን ጊዜ ትክክል መስሎኝ ነበር።

ሠልጣኞች ተራ ገብተው ጠረጴዛው ዙሪያ ይቆማሉ። የመጣውን እስር ፈትተው ያራግፉታል፣ ያገላብጡታል፤ ቀዳዳ ያለውን እየቀነጠሱ ይጥላሉ፤ የቀረውን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅጥቀው ወደ ዳሱ ይልካሉ። የአሶሳ ሰው ደግሞ በሶብላ ሲገዛ አንድ ዘለላ በመዳፉ አሽቶ ሳያሸት አይገዛም። የገበያው ልማድ ጠረጴዛችን ላይም መጣ። የሚለቅመው ያሻል፣ የሚመዝነው ያሻል፣ ዘበኛው ያሻል። አቶ አምሳሉም ሲያልፉ አንድ ዘለላ አሽተው አፍንጫቸው ሥር ይዘው ወደ ቢሯቸው ይገባሉ። በራችን አካባቢ ሽታው ሌላ ነበር። ከክልሉ ቢሮ የሚመጡ እንግዶች መኪናቸውን አቁመው በረጅሙ አየር ይስቡና ሥራችሁ ከሩቅ ይጣራል ይሉናል። አቶ አምሳሉ በዚህ ደስ ይላቸው ነበር።

የወይዘሮ ሲትና ቅጠል ከጠረጴዛው ተመለሰ። በሁለተኛው የአጨዳ ዙርም ተመለሰ። ቅጠላቸው ወንፊት መስሎ ነበር። አቶ አምሳሉ በሦስተኛው ዙር ካልተስተካከለ ቁራጩን ለማንጎ ችግኝ እንደሚሰጡት በማኅበራቱ ሁሉ ፊት ተናገሩ። ችግኙ መጥቶ ዛፍ ሥር ተደርድሮ ቦታ ይጠብቃል።

ወይዘሮ ሲትና የተመለሰባቸውን እስር ተሸክመው ወደ እኔ መጡ።

"መምህር፣ አንተ ስማኝ። ትል ይበላል። ትል ድንጋይ አይበላም፣ ጥሩ ነገር ይበላል። ለምን የኔ መጥፎ ነው?"

ዳይሬክተሩ ያሉትን ደገምኩላቸው። መልስ እንዳልሆነ እሳቸውም ገባቸው፣ እኔም ገባኝ። ማኅበሩ ውስጥ ያሉት ሴቶች ከዚያ ቁራጭ ሌላ በራሳቸው ስም የሚያርሱት መሬት እንደሌላቸው ነግረውኝ ሄዱ።

በዚያ ሳምንት በክፍሉ ውስጥ አጉሊ መነጽር አወጣሁ። ማሠልጠኛው ያለው አንድ ብቻ ስለሆነ ሠልጣኞች ተሰልፈው ተራ በተራ አዩ። የበሶብላን ቅጠል ገልብጦ በመነጽር ያየ ሰው ጥቃቅን የሚያብረቀርቁ ነጠብጣቦች ያያል። እነዚህ ከረጢቶች ናቸው። ዘይቱ ያለው በውስጣቸው ነው፤ ከረጢቶቹም ያሉት ቅጠሉ ገጽ ላይ ነው። ግድግዳቸው በጣም ስስ ነው። ጠጅ ሣር ግን ዘይቱን ከገጹ በታች፣ በቅጠሉ ሥጋ ውስጥ ስለሚይዝ በቀላሉ አይለቅም፤ እንዲያውም ወደ በርሜሉ ከመግባቱ በፊት መከታተፍ ያስፈልገዋል። ሁለቱም ይሸታሉ፤ አያያዛቸው ግን አንድ አይደለም።

ከድባጤ የመጣ አንድ ሠልጣኝ ትል የነከሰው ተክል ምን እንደሚሆን ጠየቀ። ተክል መሸሽ ስለማይችል ሲነከስ በሚያወጣው ሽታ ራሱን ሊከላከል እንደሚሞክር፣ አንዳንዱም ሲጎዳ ሽታውን እንደሚያበዛ ወይም እንደሚለውጥ አስረዳሁ። ደወል ተደወለና ወጣን።

በማግስቱ ጠዋት አቶ አምሳሉ ክፍሌ በር ላይ ቆሙ።

"መምህርት ጫልቱ፣ ልጆችሽ በሶብላ እየገረፉ ነው። ምን አጠፋ?"

ወጥቼ ሳይ እውነት ነው። ሠልጣኞቹ የማሠልጠኛውን የበሶብላ ማሳያ መደብ ከዳር እስከ ዳር በቀርከሃ ልምጭ ይመቱታል። የድባጤው ልጅ ላቡን ጠርጎ፣ "ቲቸር፣ ሲጎዳ ሽታ ይጨምራል አላልሽም? ይኸው ጨመረ፤" አለኝ። በእርግጥ ሰፈሩ ሁሉ በሶብላ በሶብላ ይል ነበር። አቶ አምሳሉ ሳይቆጡ ወደ ቢሯቸው ተመለሱ። ብዙ ጊዜ የሚያስፈራው ሳይቆጡ ሲሄዱ ነው።

ከሰዓት በኋላ መደቡን አየሁት። ቅጠሉ ጠቁሮ ተጣጥፏል። ጎንበስ ብዬ አሸተትኩ፤ ምንም የለም። ጠዋት ሰፈሩን የሞላው ሽታ ራሱ ዘይቱ ነበር። ከረጢቶቹ ፈነዱ፣ ዘይቱ አየር ላይ ወጣ፣ ሄደ። ትሉ የሚያደርገው ግን ሌላ ነው። ትሉ ቁራጭ በልቶ ያልፋል፤ የቀረው ቅጠል ከረጢት አይነካም፤ ተክሉም በሕይወት ስላለ ለንክሻው መልስ የሚሰጥባቸው ቀናት አሉት።

ይህንን እያሰብኩ ወደ ዳሱ ስሄድ በበሩ በኩል አለፍኩ። ጠረጴዛው ዙሪያ ሠልጣኞች ይለቅማሉ፤ ሽታው ያውዳል። ዳሱ ገባሁ። ጋሽ ይመር ከጠረጴዛው የመጣውን የማዳበሪያ ከረጢት ፈትተው ቅጠሉን በርሜሉ ውስጥ ይበትናሉ። ከረጢቱ ውስጥ እጄን ሳስገባ ቅጠሉ ሞቋል። ሽታው ከበሩ ሽታ ጋር የሚወዳደር አልነበረም።

ጋሽ ይመርን ዘይቱ ካለፈው ዓመት ጋር ሲነጻጸር እንዴት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። መቀነሱን ለአቶ አምሳሉ ነግረዋቸው ኖሮ፣ እንጨቱ እርጥብ ነው ተብለው ተመልሰዋል። "ሦስት ጊዜ እንጨት ቀየርኩ። ከእንጨቱ አይደለም፣ ከምን እንደሆነ ግን አላውቅም፤" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ዘይቱ በር ላይ እየቀረ ይመስለኛል።"

ቆም ብለው ወደ በሩ አሸተቱ። "አብሽሪ ልጄ፤ ይኼንን ግን ለአለቃችን ቀስ ብለሽ ንገሪያቸው። ያቺን ሽታ ይወዷታል።"

ቀስ ብዬ ነገርኳቸው። አቶ አምሳሉ አዳምጠው ሲጨርሱ ማስረጃ ጠየቁኝ። የገረፉት ተማሪዎቼ ስለሆኑ በቃሌ ብቻ ሊያምኑኝ እንደማይችሉም ጨመሩ። አቶ ተካ በሚቀጥለው ሳምንት ስለሚመጡ በእሳቸው ፊት እንዲነጠር ተስማማን። የወይዘሮ ሲትና መሬት ጉዳይም እዚያው እንዲወሰን አሉ።

በመጀመሪያ ያሰብኩት ሁለት ዓይነት ቅጠል ማወዳደር ነበር፤ አንዱ በጠረጴዛው የተለቀመ ንጹሕ ቅጠል፣ ሌላው ትል የበላው የወይዘሮ ሲትና ቅጠል፣ ጠረጴዛውን ሳይነካ። ሌሊቱን ሳሰላስለው ስህተቱ ታየኝ። የእሳቸው ቢበልጥ በትሉ ምክንያት ይሁን ወይስ ሰው ስላልነካው በምን እናውቃለን? ስለዚህ ሦስተኛ ያስፈልጋል፤ ከጎረቤት ማኅበር ትል ያልነካው፣ ሰውም ያላሸው ቅጠል።

ይህንን ለወይዘሮ ሲትና ልነግራቸው ወንዙ ዳር ወረድኩ። አልወደዱትም።

"ሦስት ታደርጋለህ። አንዱ የኔ፣ ሁለቱ የሌላ ሰው። ሦስት ሰው ሲሮጥ እኔ ብቻ እግሩ የታመመ ነኝ።"

"ያለ ሦስተኛው ምክንያቱን ማወቅ አንችልም፤" አልኳቸው።

"እኔ ማወቅ አልፈልግም። መሬት እፈልጋለሁ።"

"ሳናውቅ ብናስቀረው በሚመጣው ዓመት ሌላ ዳይሬክተር መጥቶ በሌላ ምክንያት ይወስደዋል። አውቀን ካስቀረነው ግን ምክንያቱ ተጽፎ ይቀመጣል።"

ወንዙ ውስጥ እግራቸውን እየታጠቡ ከሴቶቹ ጋር በርታኛ ተነጋገሩ፤ አንዷ ሳቀች። በመጨረሻ በአንድ ነገር ተስማሙ፤ ቅጠላቸውን ራሳቸው እንዲያጭዱትና ራሳቸው እንዲያመጡት። ምን እንዳለች ያችን የሳቀችውን ሴት በኋላ ስጠይቃት፣ "መምህሩ ከዳኛ ይብሳል" እንዳለቻቸው ነገረችኝ።

በተቆረጠው ቀን ጠዋት፣ ጤዛው እንደደረቀ፣ ሴቶቹ በማጭድ ከነግንዱ አጨዱ። ሰፋ ባለ የቀርከሃ ቅርጫት ውስጥ ሳይጠቀጥቁ፣ እንደ እንቁላል ተጠንቅቀው ደረደሩት። የጎረቤቱንም እንደዚያው አስደረግኩ። በበሩ ሲያልፉ ዘበኛው አንድ ዘለላ ሊያሽ እጁን ሰደደ፤ ወይዘሮ ሲትና ቅርጫቱን ወደ ሌላው ጎናቸው አዞሩት። ሦስቱንም እኩል መዘንን። ጋሽ ይመር እንጨቱን ከአንድ ግንድ ፈልጠው ሦስት ቦታ ከምረው ነበር። በርሜሉን በየመሃሉ አጠብነው።

መጀመሪያ የተለቀመው ገባ። ዘይቱ ቀጭን ሽፋን ሆኖ ወጣ። ቀጥሎ የጎረቤቱ ያልታሸ ቅጠል ገባ፤ ሽፋኑ በግልጽ ወፈረ። አቶ አምሳሉ ወደ መስታወቱ ጎንበስ ብለው አዩና ቀና ሲሉ ዓይናቸው ወደ በሩ ሄደ።

የወይዘሮ ሲትና ቅጠል ሲገባ ቀኑ መሽቷል ለማለት ይቻላል። ሴቶቹ ዳሱ ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። ጠብታው ጀመረ። ዘይቱ ቀስ በቀስ ከፍ ብሎ ከጎረቤቱ ጋር እኩል ሆነ፤ ትንሽም አለፈው። ጋሽ ይመር፣ "ያ አላህ፣ ትሉ እንኳ የዋለበትን ያውቃል፤" አሉ። ሴቶቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፤ ሽታው ደርሶኝ ነበር። ሹል ነው፤ ከሌሎቹ ይለያል።

አቶ ተካ ሦስቱን ጠርሙሶች ተራ በተራ አሸተቱ፤ በመሃል በመሃል አፍንጫቸውን ለማሳረፍ የራሳቸውን እጅጌ ያሸታሉ። የመጀመሪያውን አውቀዋለሁ፣ ደካማ ነው አሉ። ሁለተኛው ያው እሱ ሆኖ የጠገበ መሆኑን ተናገሩ። ሦስተኛው ላይ ቆዩ።

"ይኼ መጥፎ አይደለም። ሌላ ነው። ከነዚያ ጋር ብቀላቅለው ደንበኞቼ ሳሙናው ምን ሆነ ይሉኛል።"

አቶ አምሳሉ ወደ እኔ ዞሩ። "እንግዲህ አንቺ ተናገሪ። ቀዳዳው ይጎዳል ወይስ አይጎዳም?"

ወይዘሮ ሲትና ከደጃፉ ተነስተው ቆመው ያዩኛል። መልሱ አጭር ቢሆን ለሁላችንም ይቀል ነበር። እንዳየሁት ነገርኳቸው። በእኩል ሚዛን የወይዘሮ ሲትና ቅጠል ዘይት አላነሰውም። የቀነሰብን ቀዳዳው ሳይሆን ከታጨደ በኋላ ያሸነው፣ ያራገፍነውና የጠቀጠቅነው ነው። ሆኖም ትሉ ብዙ ቅጠል ስለበላ ከቁራጩ የሚገኘው ጠቅላላ ዘይት ከጎረቤት ያንሳል፤ ሽታውም ተለውጧል። አንድ ቀን ያየነውን ደግመን ማየት እንዳለብንም ተናገርኩ።

"አንሷል አልክ፤" አሉኝ ወይዘሮ ሲትና።

"አዎ፣ ትሉ የበላው ተመልሶ አይመጣም።"

"እሺ። ውሸት አላልክም።"

አቶ ተካ ሦስተኛውን ጠርሙስ ለልብስ ሳሙና ለብቻው እንደሚወስዱት ተናገሩ። አቶ አምሳሉ ማስታወቂያ ሲያወጡ የሚጠቀሙበትን ድምፅ አውጥተው፣ ቅጠሉ ቀዳዳ አለው ተብሎ ማንም መሬት እንደማይለቅ፣ የወይዘሮ ሲትና ማኅበር ውሰት እንደሚታደስ፣ በትል የተበላው ለብቻው እንደሚነጠር አስታወቁ። የማንጎ ችግኙ ከአጥሩ ጀርባ ተተከለ። ጠረጴዛው ወደ ክፍሌ ገባ፤ ሠልጣኞች ይጽፉበታል። በራችን ላይ ግን ሽታ ጠፋ። አንድ ከቢሮ የመጣ እንግዳ በሶብላ መትከል አቁማችሁ ነው ወይ ብሎ አቶ አምሳሉን ጠየቃቸው። እሳቸው ወደ እኔ ጠቆሙት፤ እኔም አስረዳሁት።

ፍተሻውን በቀጣዮቹ ዙሮች ደጋገምነው። ያልታሸው ቅጠል ሁልጊዜ ከታሸው በለጠ። ትል የበላው አንዳንዴ ከንጹሑ እኩል ሆነ፣ አንዳንዴ አነሰ፤ ሽታው ግን ሁሌም የተለየ ነበር።

በተከታዩ ክረምት ወይዘሮ ሲትናና ሴቶቻቸው ገና ዝናቡ ሳይጠነክር እየወረዱ ትሉን በእጃቸው ለቀሙት። ቅጠላቸው ያለ ቀዳዳ አደገ፤ ዘይታቸውም ከሌሎቹ ጋር በአንድ ጠርሙስ ተቀዳ። አቶ ተካ ሲመጡ ያንን ሹሉን ዘይት ጠየቁ። የልብስ ሳሙናውን ሰው ወዶት ኖሯል። እንደሌለ ስነግራቸው ወይዘሮ ሲትናን እንድጠይቅላቸው ለመኑኝ። ወንዙ ዳር ወርጄ ጠየቅኳቸው።

"ትል የለም፣ ኸላስ፤" አሉኝ ቀና ሳይሉ። "ትል ከፈለገ ከአዲስ አበባ ይዞ ይምጣ። መሬቱ የኔ ነው።"

ትዝታ ለመጻፍ ዕድሜሽ ገና ነው የሚሉኝ አሉ። ይህን የጻፍኩት አዲስ የሚመደቡ መምህራን ማንጠሪያውን ሲረከቡ ተመሳሳይ ጥያቄ ስለሚጠይቁኝ ነው። መልሴ ይኸው ነው። የበሶብላ ቅጠል ከታጨደ በኋላ የሚደርስበት ጉዳት ዘይቱን ያሳጣል። በቁሙ ሳለ ትል የሚያደርስበት ጉዳት ቅጠሉን ያሳንሳል፣ የዘይቱንም ሽታ ይለውጣል። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ጉዳቶች ናቸው። ቅጠሉን የጎዳው ምን እንደሆነና መቼ እንደሆነ ሳይለዩ ቅጠልም ሰውም መመለስ አይገባም።